ሩትን ማን ይያዛት

ከዓመታት በፊት ጉኑኖ፣ በወንድሜ በባዳቾ አጥር ሥር ሳልፍ የሰማሁት ወሬ በሙሉ አይታወሰኝም። «ሴት ልጅ ከጎበጠች ማን ያገባታል?» ያለው እሱ ነበር። አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ «ሳትጠና አቅናት» አለው መሰለኝ። የቀረውን ነፋስ ወሰደው።

ዘንድሮ ልጁ ሩት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጀርባ አጥንቷ ተጣሞ አንድ ትከሻዋ ከሌላው ከፍ ብሏል። ባዳቾ ስንፍና ነው ብሎ፣ ቀጥ ብላ እንድትቆም በዱላ ሲደበድባት ኖረ። አስተማሪዋ ባዳቾን ለምና ለምና ሶዶ ሐኪም ቤት አመጣናት።

ሐኪሙ ቆማ የተነሳችውን ራጅ አየና፣ አሁን ደግሞ ተኝታ ወገቧን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አጥፋ ትነሳ አለ። ጥመቱ ስትታጠፍ የሚቃና ከሆነ ገና አልጠናም፤ ካልተቃና ጠንቷል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይህን ማወቅ አለብኝ፣ ሲል አስረዳን። ባዳቾ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶው ላይ ከተቃናች ቢላዋ ይቀራል።

ቤተሰብ ይያዛት ተባለ። ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ አጥልቀን እሱ ትከሻዋን፣ እኔ ዳሌዋን ያዝን። የራጅ ባለሙያዋ ፍሬሕይወት ቀስ እንዲል ነገረችው። እሱ ግን በሬ እንደሚጥል ሰው ጉልበቱን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጠመዘዛት። ሩት ጮኸች፤ አንገቷን አዙራ አውራ ጣቱን ነከሰች፣ አልለቅም አለች። በሌላው እጁ አፏን መታት፤ ደገማት። ደሟ ነጩ ጨርቅ ላይ ተረጨ። ፍሬሕይወት መሃል ብትገባ ከግድግዳው አላተማት። አንገቱን በክንዴ አንቄ ወደ ኋላ ጣልኩት። ጌታ ያውቃል፣ አጥብቄ ነው ያነቅኩት።

ፎቶው ተበላሸ። ሐኪሙም ያለ ፎቶው ቀዶ ጥገናውን አላደርግም አለ።

ሩት ከንፈሯን በነጠላዬ ጫፍ ይዛ፣ «አባዬ እዚህ ከተማ እያለ ጠረጴዛው ላይ አልተኛም» አለች።

ባዳቾ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀባት። «ታዲያ ማን ሊይዝሽ ነው፣ ጎረቤት?»

ፍሬሕይወት የመጀመሪያውን ራጅ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችና በጣቷ አሳየችን። ከጠማማው አጥንት ጎን ሁለት የጎድን አጥንቶች ተሰብረው፣ ጎርብጠው ገጥመዋል። ከመውደቅ ነው ወይ ብላ ሩትን ጠየቀቻት። ሩት አባቷን አየችው።

«እንዳትጎብጥ ብዬ ነው፣ እቴ» አለኝ ባዳቾ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ሰበርካት ግን። ወይ ትሄዳለህ፣ ወይ ይህንን ራጅ ይዤ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ።»

የተነከሰ ጣቱን በጡጫው ጨበጠ። በመጨረሻ ተስማማ፦ ብቻውን ጉኑኖ ሊመለስ፣ ሩት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት እስክትድን እኔ ዘንድ ልትቀመጥ፣ እሷ ራሷ ካልጠራችው ላይመጣ።