ከመቶ አራት

«ዝም በሉ! ሲና ናት!»

እናትዓለም ስልኩን ከፍ አድርጋ ድንኳኑ መሐል ቆመች። ሙሾ የምታወርደው ሴት አፏን እንደከፈተች ቀረች። ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከወንዶቹ በኩል ሳል የያዘው ሰው ነበር፤ እሱም ሳሉን በጋቢው አፈነው። ትናንት ለተቀበረች እናት የሚለቀስበት ድንኳን፣ የገዛ ልጇ ስለደወለች ጸጥ አለ። ከዓባይ ድልድይ በኩል የሚመጣው የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ቀረ።

«ሄሎ፣ ሲንዬ።»

«እታለም! ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው። ጥምቀት ለታ ውሃ ተረጭቼ።»

«እማዬስ?»

«ነገርሁሽ እኮ፤ ዘጌ ጸበል ገብታለች። ስልክ አያስገቡም።»

«ኩላሊቷን በጸበል? ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙም ሂጂ አላት። አንቺ የነገውን አጥኚ።»

«ቃለ መጠይቅ አይጠናም፣ እታለም። ራስሽን ሁኚ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ራስሽን አጥኚ።»

ሲና ሳቀች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበርና ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቋን ሰማ። አንዲት ጎረቤት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ስልኩ እንደተዘጋ ሙሾው ከተቋረጠበት ቃል ቀጠለ።

ሲና አዲስ አበባ ውስጥ በነፃ ትምህርት ዕድል አዳሪ ተማሪ ቤት ናት። አሜሪካን አገር ያለ፣ ስሙ ሲጠራ የተማረ ሰው ሁሉ ቅንድቡን የሚያነሳለት ዩኒቨርሲቲ አመልክታ ረቡዕ በኮምፒውተር ቃለ መጠይቅ ያደርጉላታል። የእሷና የእናትዓለም እናት የሻሽወርቅ ያረፈችው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው «መርዶው ረቡዕን ይለፍ» አሉ። እናትዓለም ደግሞ የሰፈሩን ወጣት በር ላይ ሰብስባ አስጠንቅቃለች።

«ፌስቡክ ላይ ሻማ የለጠፈ፣ ነፍስ ይማር ብሎ የጻፈ፣ ጣቱን ነው የምቆርጠው። ኀዘናችሁን ሆዳችሁ ውስጥ ለጥፉት።»

ከየሻሽወርቅ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏቸዋል። የንፍሮውን ሳህን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ጠየቁ።

«እና ይኼን ጥያቄ ከመለሰች ገባች ማለት ነው?»

«ገና ነው፣ እማሆይ። ከሚያመለክተው ከመቶ አራቱን ነው የሚቀበሉ።»

«ከመቶ አራት!» መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «ለአራቱ ብላችሁ ነው ልጅቱን እናቷን አፈር ሳታለብስ ያስቀራችኋት?»

«አራቱም ቢሆን ሱቅ አይሸጥም፣ እማሆይ። ንፍሮዎ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እናትዓለም ምላሷ ስለት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በኀዘን ቀን እንኳ ሰገባው ውስጥ አልገባላትም። ግን ጥያቄው የእማሆይ ብቻ አልነበረም። ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ እሷንም ሲያብሰለስላት ነበር።

«ዝምተኛ ነበረች፤ ካንደበቷ ክፉ አይወጣ» ይላሉ ለቀስተኞቹ። እናትዓለም ትሰማና ጥርሷን ትነክሳለች። የሻሽወርቅን ማን አውቋት! ከአንድ ኮሌጅ የሬጅስትራር መስኮት ኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስትመዘግብ የኖረች፣ ቤቷ ስትገባ የራሷን ልጆች ደብተር እንደ ኬላ ፈታሽ የምትበረብር ሴት ነበረች። ከመቶ ዘጠና ስምንት ይዛ ለመጣች ልጅ «ሁለቱን የት ጣልሻቸው?» የምትል። ባሏ ሞቶ እንኳ የጥናት ሰዓት አላጓደለችም። እናትዓለም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ለጥቂት ሲያመልጣት ወራት ሙሉ አላናገረቻትም፤ ከዚያ አንድ ቀን ያረጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አልጋዋ ላይ ወርውራላት ሄደች። እናትዓለም ፋሲሎ ሰፈር በከፈተችው የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ በዚያ መዝገበ ቃላት ራሷን አስተማረች። ሲና ለውጭዎቹ የላከችውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያበጠረችው እሷ ናት። ለዚህም ነው ዲግሪ ያለው ሰው ፊት አንገቷን ደፍታ የማታውቀው።

እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ፣ የሻሽወርቅ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ነበር የምትቀመጥ። ልጆቹ ምክንያቱን የሰሙት ካደጉ በኋላ ነው። በሲና ዕድሜ ለመምህርነት ባሕር ዳር ትማር ነበር። የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ ታላቅ ወንድሟ አስናቀ ከጎርጎራ በጀልባ መጣ። «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ዓይተሻቸው ትመለሻለሽ» አላት። ማዶ ሲደርሱ፣ ወደቡ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመው ሲጠብቋት አየች። ጀልባው በሳምንት አንዴ ነበር የሚመላለስ። በሳምንቱ «እናትሽን ማን ያጽናና?» ተባለች። እስከ አርባው ቆየች። ከአርባው በኋላ ደግሞ የሚያገባት ሰው ተገኘ።

«አባቴን ቀብሬ ልመለስ ሄጄ፣ እዚያው ተቀበርሁ» ብላ ነበር አንድ ጊዜ፣ ሽሮ እያማሰለች፣ ዞር ሳትል።

ሆስፒታል የመጨረሻዋ እሑድ፣ አስናቀና እናትዓለም አልጋዋ ግራና ቀኝ ነበሩ። የሻሽወርቅ ዓይኗን ወንድሟ ላይ ተከለች።

«አስናቀ፣ ያኔ እኔን ያመጣኸኝ አንተ ነህ።»

አስናቀ ሽበታም ራሱን ደፋ።

«ልጄን ግን አታመጣትም። ያን ነገሯን ሳትጨርስ መርዶ የነገራት፣ ለኔ አላለቀሰም።»

«እማዬ» አለች እናትዓለም፣ «እሷስ ብትጠየቅ?»

«እሷማ ብትጠየቅ ትመጣለች። ለዚያ ነው የማትጠየቅ። እሺ በይ።»

«እማዬ፣ እንዲህማ አይሆንም…»

«እሺ በይ አልሁ!»

«እሺ።»

ያ እሺ ነው አሁን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው።

ረቡዕ ሠልስቱ ተበልቶ ሰው መሳሳት ሲጀምር ሲና ደወለች። ድንኳኑ እንደለመደው ጸጥ አለ።

«እታለም፣ አልገባም።»

«ምን?»

«ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፤ ግን አልገባም። እማዬ ሳትመርቀኝ ፈተና ገብቼ አላውቅም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቂያለሽ። የሆነ ሰው ጀልባ ይዞ ይሂድና፣ ከጸበሉ ውጭ አስጠርቶ ድምጿን ቀድቶ ይላክልኝ። የሁለት ቃል ነገር ነው።»

«ሲና፣ ምን ዓይነት ሞኝነት…»

«ሞኝነት ይሁን። አልገባም ብያለሁ።»

እናትዓለም ስልኩን ዘግታ ከቤቱ ጀርባ፣ ከውሃ ሮቶው ሥር ሄደች። ባለፈው ክረምት ሲና የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ስትፈተን፣ እናታቸው በእናትዓለም ስልክ ምርቃት ቀድታላት ነበር። ያን ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መልእክቱ ሳይሄድ ቀርቶ እናታቸው ደውላ መረቀቻት። ፈልጋ አገኘችው። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከፈተችው።

«ሲናዬ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። የፈራሽው አይድረስብሽ፣ የወደድሽው አይራቅሽ። አትቸኩዪ፤ አንብበሽ መልሺ። እኔ እዚህ አለሁ።»

ከድምፁ ኋላ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።

አስናቀ ለካ ተከትሏት መጥቷል። የሚሰማው የእህቱ ድምፅ መሆኑ ሲገባው በሮቶው ተደገፈ።

«ይኼማ ይከብዳል፣ ልጄ።»

«የርስዎ ጀልባ አልከበደዎትም ነበር፣ ጋሼ?»

ሰውዬው እንደተመታ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እናትዓለም ጀልባ ዘጌ የሚደርስበትን ያህል ጠብቃ ድምፁን ላከችው።

ወዲያው መልስ መጣ። «እሰይ! ግን ዝናብ ይሰማል እኮ! ባሕር ዳር ዘነበ እንዴ?»

ቀና አለች። ጥር ነው። ሰማዩ ላይ የጣት ያህል ደመና አልነበረም።

«አዎ» ብላ ጻፈች። «ያልታሰበ ዝናብ።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሲና መልሳ ደወለች። አየር እስኪያጥራት ነበር የምታወራ።

«ጨረስኩ! እታለም፣ ጨረስኩ! ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ አሉኝ፤ እማዬን ነገርኳቸው። ሁለቱን የት ጣልሻቸው የምትለውን ስነግረው ሰውዬው በሳቅ ሞተ! ባይቀበሉኝም ግድ የለኝም፤ እሷን ግን አይረሷትም። ቅዳሜ መጥቼ ራሴ ነው የምነግራት፣ እንዳትቀድሚኝ!»

«አልቀድምሽም።»

«ማዪልኝ!»

«እማዬን» ብላ ማለች እናትዓለም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ጎሕ ሲቀድ ተማሪ ቤቱ በር ላይ እንዲቆሙ አስናቀ ጨርሷል። እናትዓለምም ያቺን አንዲት ሌሊት ሲና እናት እንዳላት ሰው ትተኛ ብላ ተወቻት። እሷ ራሷ አልተኛችም።

የመኪናው መንገድ አያስተማምንምና በአውሮፕላን አመጧት። አስናቀ «ልጅቱ ባዶ ግቢ አትገባም» ብሎ የእድሩን ሰዎች ለምኖ ድንኳኑን አስቆይቶታል። ሲና በሁለት አክስቶች መሐል ስትገባ ሴቶቹ ተነሥተው ዋይታውን አቀለጡት። እሷ ግን አላለቀሰችም። የተማሪ ቤቱን ሹራብ እንደለበሰች፣ በሰዎቹ መሐል ዓይኗን እያዞረች እህቷን ፈለገች። ስታገኛትም ቆመች። ዋይታው እየሳሳ ሄዶ ተቋረጠ።

«መቼ ነው?»

«ሰኞ» አለች እናትዓለም።

«ማክሰኞ ስስቅ እነማን ነበሩ የሚሰሙኝ?»

ሲና ፊታቸውን አንድ ባንድ አየችው።

«ድምጿን ላክሽልኝ።»

«ላክሁ።»

«በጥር ዝናብ! አምኜሽ ገባሁ። እየሳቅኩ አወራሁላቸው። ከመቶ አራት ነው እኮ፣ እታለም። ይኼን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለአራት ነው እናቴን ያላስቀበርሽኝ? ብጠየቅ ምን ነበረበት? ማን ነው የወሰነው?»

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከማክሰኞው ቃላቸው ጋር ብቻቸውን የቀሩ ይመስል ዓይናቸውን መቁጠሪያቸው ላይ ጣሉ። አስናቀ ከወንዶቹ መሐል ተነሣ።

«ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም። እናትሽ ራሷ ናት…»

«ጋሼ!»

እናትዓለም ያየችበትን አስተያየት አስናቀ ያውቀዋል። የእህቱ ነው። ቃሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትዓለም። «እኔ ነኝ አትነገር ያልሁ። ሽማግሌዎቹንም ያሳመንሁ እኔ ነኝ።»

እውነቱን ብትነግራት ሲና ዛሬውኑ ከእናቷ ትጣላለች፤ የሻሽወርቅ ደግሞ ተነሥታ አታስረዳት፣ አትታረቃት። እናትዓለም ግን አለች። ነገም፣ ከርሞም፣ የተጣሏት ቀን ሁሉ በሩን ከፍታ የምትገኝ ናት።

«አውቄ ነበር» አለች ሲና። «ያመለጠሽን ትምህርት በኔ ልትማሪው ነው።»

ሴቶቹ እናትዓለምን አዩዋት። ለዚህ የሚሆን መልስ ነበራት። ሰባት መልስ ነበራት። ምላሷ ላይ የመጣውን ሁሉ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው።

ሲና ለባለ ኀዘን ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም፤ ማሰሪያው ድርብ ቋጠሮ የተቋጠረ ሸራ ጫማ ነው። እናትዓለም ቀርባ ተንበረከከችና የግራ እግሯን ጭኗ ላይ አደረገችው። ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈትታ ጫማውን አወለቀችላት። ካልሲዋ በላብ ርሷል። ወደ ቀኙ እግር እጇን ስትዘረጋ ሲና እግሯን ሰበሰበች። ጎንበስ ብላ ራሷ ትፈታው ጀመር። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ በጎተተችው ቁጥር ማሰሪያው ይባስ ይጠብቃል። የሚረዳት አልጠየቀችም።

እናትዓለም ያወለቀችውን አንዱን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ ተንበርክካ ጠበቀች።