ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳው ተክል

አዛውንቱ ተክሉን ለልጃቸው ሲሰጡ ሸክላውን ቶሎ አልለቀቁላትም።

«እናትሽ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው። አደራ!»

ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ይህን ተክል ሳያጠጡ ቁርስ አይቀምሱም።

«ኧረ አባዬ፣ ለጥቂት ቀን ነው! አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው የምቀነጥሰው» አለች ልጃቸው።

እሷ የሳይንስ መምህርት ናት። የተክሉ ቅጠል መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ነጭ ነው። ብርሃን ይዞ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ክፍል ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቿ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ቅጠሉ ቀለሙ በአልኮል ወጥቶ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት፣ አረንጓዴ የነበረው ምግብ ስላለበት ይጠቁራል፣ ነጭ የነበረው አይጠቁርም። ሙከራው እንዲሰምር ግን ተክሉ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ያጠራቀመውን ምግብ መጨረስ አለበት። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ዘጋችበት።

በማግስቱ ትንሿ ልጇን ትኩሳት ጣላት። ሐኪም ቤት ስትመላለስ ሰነበተች። ልጅቷ ስትድን ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷል። ተክሉ ከሐሳቧ ብን ብሎ ጠፍቶ ነበር።

«ተክሉስ እንዴት ነው?» አሏት አባቷ አንድ ቀን በስልክ።

ክው አለች። «ደ... ደህና ነው። ተማሪዎቹ ወደውታል።»

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ዘበኛው ያጠጣዋል» አለችና ስልኩን ዘግታ ወደ ትምህርት ቤቱ በረረች።

ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ቅጠሉ አብዛኛው ረግፏል፤ የቀረው ገርጥቶ ተንጠልጥሏል። ቅጠል ብርሃን ይዞ፣ ከውኃና ከአየር ስኳር ሠርቶ እንደሚኖር በየዓመቱ ታስተምራለች። «በረሃብ ገደልኩት» አለች ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ።

ሸክላውን አቅፋ በቀጥታ አባቷ ቤት ሄደች።

«አባዬ፣ ስለ ዘበኛው የነገርኩዎት ውሸት ነው። ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ረስቼው ነው።»

አዛውንቱ ተክሉን ተቀብለው የደረቀውን አፈር ዳሰሱ።

«ብርሃን ካገኘ ይድናል? አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ንገሪኝ።»

«የገረጡት አይመለሱም። ሥሩ ካልሞተ ግን አዲስ ሊያወጣ ይችላል። ድንገት ፀሐይ ላይ ካወጣነው ይቃጠላል፤ ቀስ እያልን ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እየመጣች ሸክላውን ወደ መስኮቱ ጠጋ ታደርገው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከግንዱ ሥር ለጋ ቀንበጥ ብቅ ብሎ አገኙት። አረንጓዴ ነው፤ ነጭ የሚባል የለበትም።

«ነጩስ?» አሉ አባቷ።

«ሁለመናው አረንጓዴ የሆነው ብዙ ብርሃን ስለሚይዝ ቀድሞ ያድጋል» አለች። «የእማዬ ነጭ... ላይመለስ ይችላል።»

አዛውንቱ ቀንበጡን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይብላ ልጄ፣ ይብላ። ብዙ ተርቧል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተውባት አያውቁም። ስትመጣ ሻይ ይቀዱላታል፤ ስለ ልጅ ልጃቸው ጤና ይጠይቋታል። እሷ ግን ሻዩን ሳትጨርስ ትነሳለች። አንድ ቀን እንኳ ጮኸውባት ቢሆን ኖሮ፣ ይቀላት ነበር።