ወሩን ያልጠበቀ ይቅርታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የእኛ በረት የጎሽ ነበር። ጎሽ ስልም ጫካ ውስጥ ሰው የሚያሳድደውን አውሬ እንዳታስቡ። የኛ ጎሽ ታርሳለች፣ ጭቃ ውስጥ ትተኛለች፣ ስሟን ሲጠሯት ጆሮዋን ታነሳለች። ስሟ ዶክቧ ነበር። አባቴ ሸጣት። መኪናው ላይ ያወጣኋት ግን እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ መጨረሻው ላይ «አክስቴ፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም» እያላችሁ እንዳትነዘንዙኝ ነው። የሚያለቅስ ካለ አሁን ያልቅስና ይውጣለት።

ቤታችን እንደ መንደሩ ቤት ሁሉ በረጃጅም ቋሚዎች ላይ የቆመ ነው። እኛ ከላይ፣ እሷ ከታች። ምንጣፌን የማነጥፈው ልክ ከእሷ ራስ በላይ ስለነበር ስታመሰኳ በወለሉ ስንጥቅ ይሰማኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ ጎሽ ጎሽ ትሸታለች፤ ማን ያገባታል?» ትል ነበር። ያገባኝ ሰው ምንም አላለኝም፤ እሱም ዓሣ አጥማጅ ነበር።

ዶክቧ ማለት በእኛ ቋንቋ የሎተስ አበባ ማለት ነው፤ ያ ኩሬ ላይ የሚያብበው። ስሙን ያወጣላት ሌብነቷ ነው። ጥጃ እያለች ገመዷን በጥሳ የገዳሙ ኩሬ ገባችና ለበዓል የተጠበቀውን አበባ አንድ ሳታስቀር በላችው። የገዳሙ አለቃ አንዲት የተረፈች የአበባ አገዳ ይዘው እቤታችን ድረስ መጡ። «ቡንታን፣ ይቺን ረስታታለች፤ ስጣት» አሉት አባቴን። አባቴ መሬት ላይ ተደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ አገዳዋን ከመነኩሴው እጅ ተቀብላ በላች።

እልኸኛ ነበረች። ግማሽ ቀን ታርስና ሲበቃት ማሳው መሃል ትተኛለች። አባቴ ቢጎትት፣ ቢለምን፣ «አንቺ ደንቆሮ፣ አንቺ የነብር ራት» ቢላት ንቅንቅ የለም። የምትፈራው ነገር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሳንቃ። ትንሽ ሆና የወንዙን ድልድይ ስትሻገር የበሰበሰ እንጨት ከሥሯ ተሰብሮ እግሯ ተሰነቀረ፤ ለማውጣት ግማሽ መንደር ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ኮቴዋን እንጨት ላይ አታሳርፍም። በእኔ ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው። ፊቴን ወደ እሷ አዞርና፣ ዱላ እንዳልያዝኩ እንድታይ ሁለት መዳፌን ዘርግቼ፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ «ነይ፣ እኔ አለሁ» እላታለሁ። ባዶ እጄን እያየች ድልድዩን ትሻገራለች። ይህንን ልብ በሉልኝ።

በእኛ አገር ሩዙ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ጎሽን ይቅርታ መጠየቅ ግድ ነው። እየሰደብክና እየመታህ አሳርሰሃት ዝም ብለህ ሩዙን ብትበላ ነፍሷ ትቀየምህና ጥላህ ትሄዳለች። ስለዚህ ኩሬ ወስደን እናጥባታለን፣ ቀንዷ ላይ አበባና ነጭ የጥጥ ክር እናስርላታለን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ለጋ ሣር እናቀርብላታለን። የመንደሩ ነፍስ ጠሪ አባባ ኬን ፊቷ ይቀመጡና «ነይ ነፍሷ ነይ፤ ጭቃ ውስጥ ቀርተሽ እንደሆነ ነይ፤ ጅራፍ ፈርተሽ ሸሽተሽ እንደሆነ ነይ» ይሏታል። ቀጥሎ ባለቤቱ በሰው ፊት ይናዘዛል።

ይህን ቀን የምንወደው በአባቴ ኑዛዜ ነበር። «ደንቆሮ ብዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። የነብር ራት ብዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ይላል። ጎረቤታችን እትዬ ቲም ከጀርባው ሆና አትምረውም።

«ቡንታን፣ የረቡዑን ዘለልከው» ትለዋለች።

«የቱን የረቡዕ?»

«እናቷን ያነሳህበትን ነዋ።»

ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አባቴ ጆሮው ቀልቶ የረቡዑንም ይናዘዛል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አትጠመድም፣ አትመታም፣ ክፉ ቃል አትሰማም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ካምሲንግ የሚባለው፣ የእጅ ትራክተር አመጣ። መንደሩ «ብረት ጎሽ» የሚል ስም አወጣለት። የአባቴ ልብ ሸፈተ። ማታ ማታ እራት ላይ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። «ሣር አይበላ፣ አይታመም፣ መሃል ማሳ ላይ አይተኛ» ይላል። እናቴ «አይወልድ፣ ኩበት አይጥል» ብላ ትመልስለታለች። እኔ ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በጋ መጣ። ማሳው ተሰነጣጥቋል፣ ዶክቧ ሥራ ፈትታ ኩሬው ውስጥ ነው የምትውለው። አንድ ቀን ምሳ በልተን እንደጨረስን አባቴ «ነገ የዶክቧን ነፍስ እናስጠራለን» አለ። ደስታዬን አልችለውም። የካምሲንግ ብረት ላይ ዓይኑን በመጣሉ ጸጽቶት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ የሩዙን ቅርጫት አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አባባ ኬን መጡ፤ ቢመጡም አልተቀመጡም።

«ቡንታን፣ ወሩ አይደለም» አሉ። «ሩዝ የለ፣ እርሻ የለ። ምን በድለሃት ነው ይቅርታ የምትጠይቃት?»

«ዘንድሮ ብዙ ደክማልኛለች፣ አባባ። ነፍሷ እንዳትርቅ ብዬ ነው።»

«እኔ የምጠራት እንድትመጣ ነው» አሉት። «እንድትሄድ አልጠራም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለ አባቴ። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ዋሸ።

አባባ ኬን ነፍሷን ጠሩ። የአባቴ ተራ ሲደርስ እትዬ ቲም እንደ ልማዷ «የረቡዑን እንዳትረሳ» አለችው፤ እሱ ግን አልሳቀም። ግንባሯን በሁለት እጁ ይዞ «ይቅር በይኝ» አለ። ስድብ አልቆጠረም፣ ጅራፍ አላነሳም፣ አንዴ ይቅር በይኝ ብቻ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ለካ እንዲህ ይወዳታል አልኩ፣ እኔ ሞኟ። ክሩን ቀንዷ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይፈታ ብዬ ሁለቴ ቋጠርኩት። እናቴ ከቤት አልወረደችም።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ደጃችን ቆመ።

«ማዶ መንደር ጥሩ ኮርማ አለ» አለኝ አባቴ። «እዚያ ትሰነብታለች፤ ጥጃ ይዛልሽ ትመለሳለች።»

ጥጃ ሲል አመንኩት። ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ፣ ጥጃ እንድትወልድልን ብዬ። የምወደውን ያውቅ ነበርና በምወደው አታለለኝ። ልጆች፣ ሰው የሚያታልላችሁ በማትፈልጉት ነገር አይደለም።

ከመኪናው ኋላ ወፍራም ሳንቃ አጋድመው ነበር። ሦስት ወንዶች የአፍንጫዋን ገመድ ይዘው ጎተቱ። ዶክቧ ሳንቃውን አየችና አራት እግሯን ተከለች። ጎተቱ፤ ከአፍንጫዋ ደም መጣ። አንደኛው ዱላ አነሳ። ይቅርታ ከተጠየቀች አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረችው።

«አትምቷት» አልኩ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቻንሆም፣ አንቺ አውጫት» አለኝ። «ለአንቺ እሺ ትላለች።»

ገመዱን ላላ አድርጉላት አልኳቸው። ሳንቃው ላይ ወጣሁ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ፣ መዳፌን ዘረጋሁ። «ነይ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። ዶክቧ እጄን አየች። አንድ እግሯን አስቀደመች፣ እንጨቱ ሲንቋቋ ቆመች፣ እንደገና እጄን አየች። ቀስ እያለች ወጣች። ሰዎቹ ሳቁ፤ አንዱ «ጎበዝ ልጅ፣ ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ግንባሯን አሻሸኋትና ዘልዬ ወረድኩ። ኮርቼ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል።

ከመኪናው ጋር የመጣው ነጋዴ የቀለም ጣሳ አንስቶ ጎኗ ላይ ቀይ መስመር አሰመረባት። ያን ጊዜ ነው ውስጥ የቆሙትን ሌሎቹን ጎሾች ያየኋቸው። ሁሉም ጎናቸው ላይ ቀይ አለባቸው። ቀይ የተቀባ ጎሽ የት እንደሚሄድ በእኛ ሰፈር አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ወደ ኮርማ አይደለም። ወደ ቢላ ነው።

«አባዬ፣ ቀለም ቀቧት» አልኩ።

ፊቱን አዞረብኝ።

«አባዬ፣ ንገራቸው። ለኮርማ ነው የምትሄደው በላቸው።»

«አርጅታለች፣ ልጄ» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ወደ ሳንቃው ስሮጥ ወገቤን ያዘኝ። ነከስኩት፣ አልለቀቀኝም። መኪናው ተነሳ። «ዶክቧ» ብዬ ተጣራሁ። አልጮኸችም፣ አልተራገጠችም፤ ስሟን ስትሰማ እንደ ወትሮዋ ጆሮዋን አነሳች። አንገቷን አዙራ በሰዎቹ መሃል ትፈልገኝ ነበር። እዚህ እንዳለሁ ታውቃለች፣ እኔ አለሁ ብያታለሁ። ቀንዷ ላይ ያለው ክር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይታየኝ ነበር።

አባባ ኬን በዚያው ቀን ሰምተው መጡ። መሰላላችንን አልወጡም፤ ከታች፣ ባዶው በረት አጠገብ ቆመው አባቴን ጠሩት።

«ይቅርታ ለሠራኸው በደል ነው፣ ቡንታን» አሉት። «ልትሠራው ላሰብከው በደል ቀብድ አይደለም። እኔንም የዚህ ተባባሪ አደረግከኝ።» መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

በዶክቧ ዋጋ የተገዛው ብረት ጎሽ መጣና በእሷ ቦታ ቆመ። የመጀመሪያ ቀን ማሳው መሃል ጭቃ ውጦት ቀረ። እትዬ ቲም ከአጥሯ ላይ ሆና «ቡንታን፣ እስቲ ስደበው፤ ይነሳ እንደሆን» አለችው። መንደሩ ሳቀ። አባቴ አልተሳደበም። ጭቃው ውስጥ ቆሞ ብረቱን ሲያይ ቆየና አካፋ ሊያመጣ ሄደ።

እኔ አላናግረውም ነበር። የሎተስ ፍሬ እወዳለሁ፤ ከገበያ እየገዛ ምንጣፌ ላይ ያስቀምጥልኛል። ሳልነካው ይደርቃል። እናቴ «አባትሽ ነው እኮ» ትለኛለች። እሷንም ብዙ አላናገርኳትም። ታውቅ ነበርና። ከሁሉም ይልቅ ግን የማላናግራቸው እነዚህን ሁለት መዳፎቼን ነበር። ሩዝ ስበላባቸው እንኳ አላያቸውም።

በዚያው ዓመት የመንደሩን ትምህርት ቤት ጨረስኩ። ኡቦን ከተማ አክስቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር ተወሰነ። ሰው ሩቅ ሲሄድ ነፍሱ እንዳትቀር እጁ ላይ ክር ይታሰርለታል፤ ያው ነጩ የጥጥ ክር። ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ። አባባ ኬን ለእኔ ሲሉ መሰላሉን ወጡ። «ነይ ነፍሷ ነይ» አሉ። እናቴ አሰረችልኝ። እትዬ ቲም አሰረችልኝና «ከተማ ገብተሽ እንዳትኮሪብን» አለችኝ። ከዚያ አባቴ ክሩን ይዞ ፊቴ ተንበረከከ።

«ልጄ» አለኝ፣ «ባለፈው ላደረግኩሽ…»

«አባዬ» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት ያን ጊዜ ነው። «ወዴት ነው የምትልከኝ?»

እትዬ ቲም ሳቀች። «ኡቦን ነዋ፤ ከአሁኑ ረሳሽው እንዴ?»

አባቴ አልሳቀም። «ትምህርት ቤት ነው» አለኝ በቀስታ።

«ለእሷም ኮርማ ነው ብለህ ነበር።»

አባቴ ክሩን ሊቋጥር ሞከረ። በአንድ ቀን ስንት ነዶ የሚያስሩ ጣቶች አንዲት ክር መቋጠር አቃታቸው። አባባ ኬን ከእጁ ወስደው አሰሩልኝ።

በማግስቱ አውቶቡሱ መጣ። አባቴ ሻንጣዬን ይዞ ቀድሞኝ ወጣ። በሩ ላይ ሆኖ ዞረና ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ባዶውን። እኔን ሲያይ ተምሮት ይሁን፣ እንዲሁ አባት ሆኖ ይሁን፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም።

«ነይ» አለኝ።

መዳፎቹን አየኋቸው። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ አውቶቡሱ በእርግጥ ኡቦን ነበር የሚሄደው፣ ትምህርት ቤቱም ነበረ፣ አክስቴም መናኸሪያው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር የደረስኩት። እጁን ግን አልያዝኩም። የበሩን ብረት ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።