አያና ያመጣው ሰው

ብዙወርቅ ከባቡሩ ወርዳ ወደ ብስኩት ፋብሪካው ስትቃረብ በሩ ላይ የሰው ጋጋታ አየችና እርምጃዋን አፈጠነች። እናቶች፣ ጎረምሶች፣ የትምህርት ማስረጃቸውን በላስቲክ የያዙ ልጃገረዶች መግቢያውን ሞልተውታል። ጥበቃው ከመሃላቸው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ! ሁሉም አያና ልኮን ነው ይላሉ።»

ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጥ አደረገችው። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ እሷ ናት። በማስታወቂያ የሚመጣው ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ እየጠፋ ቢያስቸግራት፣ ዘንድሮ አዲስ አሠራር ጀምራለች፦ ሠራተኛው የሚያውቀውን ሰው ያመጣል፤ ያ ሰው ገብቶ ከቆየ፣ አምጪው ከነክፍያው የዕረፍት ቀን ይሰጠዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክሌ እንኳ «እስቲ ይሞከር» ያሉት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የሁለተኛው ምድጃ ባለሙያ ለቆ ከሄደ ወዲህ ምድጃው ቀዝቅዞ ቆሟል። በቶሎ ሰው ካልተገኘ፣ በዚያ መስመር የሚያሽጉት ሴቶች ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው።

አያናን አስጠራችው። የአንደኛው ምድጃ ኃላፊ ነው፤ ትውልዱም እዚያው አቃቂ፣ አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ዱቄት የነካው ሽርጡን ሳያወልቅ መጣና በበሩ ክፍተት አጮልቆ ሲያይ ክው አለ።

«ጋሽ አያና፣ ዘመድዎን በሙሉ ጠሩት እንዴ?»

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው ብዙዬ? ሥራ የሚፈልግ ሰው ታውቃላችሁ ወይ አልሽን። ለእህቴ ልጅ ለዳሲቱ ነገርኳት። እሷ ለእናቷ፣ እናቷ ለሰፈሩ!»

ብዙወርቅ ሕዝቡን ቃኘች። ሥራ የሚፈልግ ሰው የማያውቅ ማን አለ? የተበላሸው ጥያቄዋ ራሱ ነው።

«እሺ፣ እንደ አዲስ ልጠይቅዎት» አለችው። «ከእነዚህ መሃል፣ እዚያ ወላፈን ውስጥ አጠገብዎ ቢቆም ደስ የሚልዎት ማን ነው?»

አያና ማጅራቱን አከከ። ዳሲቱ ከሕዝቡ መሃል እጇን ታውለበልብለታለች።

«ዳሲቱ ለማሸጊያ ትሆናለች፤ እጇ ፈጣን ነው። ለምድጃ ግን ከእነዚህ አንድም የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምፈልገው ሰው አልመጣም። ቢመጣም አናወራም።»

«ማን ነው እሱ?»

«ዱጉማ።» ሬት የቀመሰ ይመስል ነበር።

ታሪኩን እያቅማማ ነገራት። ዱጉማ ጎረቤቱና የእድራቸው ዳኛ ነው። የዳቦ ፋብሪካ ምድጃ ላይ ዘመኑን ፈጅቶ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ሳሪስ አቦ አካባቢ ብየዳ ቤት ገባ። አያና ፈረቃ ላይ ሆኖ ከሰፈር ሰው ቀብር ቢቀር፣ ዱጉማ በአባላቱ ሁሉ ፊት አስቁሞ ቀጣው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

ብዙወርቅ መጀመሪያ ወደ ሰዎቹ ወጣች። እያንዳንዱን አነጋገረች፤ ዛሬ ክፍት ቦታ እንደሌለ፣ ሁለተኛው ምድጃ ከተነሳ ግን ለማሸጊያ ሰው እንደምትጨምርና ዳሲቱን እንደምታስጠራ ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። ቅር እያላቸውም ቢሆን መርቀዋት ሄዱ። እሷና አያና በምሳ ሰዓት ወደ ሳሪስ አቦ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ዱጉማ የመስኮት ፍሬም እየበየደ ነበር። ቀና ብሎ አያናን ሲያይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«መንገድ ስተህ ነው?»

አያና ወደ ብዙወርቅ ዞረ። «አንቺ ንገሪው።»

«የሚያመጡት እርስዎ ነዎት» አለችው።

አያና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለምድጃ ሰው ፈልገን ነው። አንተን ጠቆምኩ።»

«እኔን? ምን ብለህ?»

«ነገረኛ ነው ብዬ።»

ዱጉማ ግን ቅንድቡን ብቻ አነሳ። «ሌላስ?»

«ሌላማ... በሰው ፊት አዋረድከኝ። ለካ በወሩ የገዛ ወንድምህንም ቀጥተኸዋል። እሱን ስሰማ የንዴቴ ግማሹ ወጣልኝ። ምድጃ ላይ በሆነ ባልሆነው ‹ይሁን፣ ይለፍ› የሚል ሰው ያስፈጀኛል። አንተ ደግሞ ይለፍ ማለት አታውቅበትም።»

ዱጉማ መበየጃውን አስቀመጠ። «ፈረቃ ላይ እንደነበርክ የሰማሁት ከቀጣሁህ በኋላ ነው። ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አንተን ላለማግኘት በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።»

«በላይኛው?» አያና አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔ ደግሞ አንተን ሽሽት በታችኛው!»

ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ዱጉማ ከሆዱ ፈንድቶ ሳቀ፤ አያናም ግድግዳ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ለካ ሁለቱም ሲሸሹ ባዶውን የቀረው የመሃሉ አቋራጭ መንገድ ነው ብላ ብዙወርቅም አብራቸው ሳቀች።

በማግስቱ ዱጉማ ለሙከራ ገባ። ምድጃውን ከፈተው፣ ጠረገው፣ ከአያና ጋር ስለ እሳቱ መጠን ተጨቃጨቀ፤ ረፋዱ ላይ ለኮሰው። የመጀመሪያው ብስኩት ወርቅ መስሎ ሲወጣ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አቶ ተክሌ ከቢሮአቸው ሮጠው ወርደው፣ ሳይበርድ ጎርሰው ምላሳቸውን ተቃጠሉ። ዳሲቱም ብዙ ሳትቆይ ተጠርታ ማሸጊያ ክፍል ገባች።

ብዙወርቅ ሠራተኞቹን ሰበሰበችና «ሥራ ፈላጊ አምጡ አልላችሁም» አለቻቸው። «አጠገባችሁ ቢቆም የምትፈልጉትን ሰው ንገሩኝ። ያመጣችሁትን ደግሞ ሥራ እስኪለምድ እናንተው ያዙት።» ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የገባው ግን አይወጣም።

አንድ ቀን ሥራ ሲወጡ ብዙወርቅ የሠራተኛውን ሰርቪስ ተሳፈረች። አያና መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቱን ዘርግቶበታል። እሱና ዱጉማ ያን ቀን ስለ ምድጃው ሙቀት ሲነታረኩ ውለው፣ ጩኸታቸው ቢሮዋ ድረስ ይሰማ ነበር። ተኮራርፈዋል ብላ ሰግታለች።

ሰርቪሱ እየሞላ መጣ። አንድ ጎልማሳ ጫኝ ጃኬቱን አንስቶ ሊቀመጥ እጁን ሰደደ።

አያና ጃኬቱን ያዝ አደረገና በመስኮቱ ወደ ፋብሪካው በር እያየ፣ «ሰው አለው» አለ።