የቀጠሮ ሱባኤ

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ የስኳር ቀጠሯቸው ሲቃረብ ሱባኤ ይገባሉ። ሰባት ቀን ሲቀረው ጠላው ይቀራል፤ ኪኒኑ ሳይዛነፍ ይዋጣል፤ ማዕዳቸው ጥቂት ጥሬ ይሆናል። በስምንተኛው ቀን ማለዳ በባዶ ሆዳቸው ከሞላሌ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይሄዳሉ። የቀጠሮ ደብተራቸው ላይ ደህና የሚባል የስኳር ልክ ብቻ፣ 128፣ 134፣ 126 ተጽፏል። ከቀጠሮው ማግሥት ጀምሮ ግን ኪኒኑ መስኮት ላይ ይረሳል።

«ንጹሕ ሳይሆኑ መቅረብማ ነውር ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ እግራቸው ከደብተሩ ጋር አልስማማ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ ባታቸውን ጨምድዶ ያስቆማቸዋል። ቆም ይሉና የሰው ገብስ የሚያዩ ይመስላሉ።

«የማን ገብስ ነው እንዲህ ያፈዘዘዎት?» አሉ ባለቤታቸው ጠጄ። «አምና አንዴ ነበር የሚቆሙት። ዛሬ አራቴ ቆጠርኩ።»

የግራ እግራቸው አውራ ጣት የጠቆረ ዕለት ጠጄ ቀጠሮ አልጠበቁም፤ እየጎተቱ ይዘዋቸው ሄዱ። ስኳሩ 312 ሆነ።

«መሣሪያው ተሳስቷል» አሉ መሪጌታ።

ነርሷ ሲስተር ፀደንያ ወደ እግራቸው ጎንበስ አለች። ጣቶቿን እግራቸው ላይ አሳርፋ የደም ሥር ትርታ ፈለገች። ቦታ ቀየረች፤ ደግማ ፈለገች። ከዚያ የክንዳቸውንና የቁርጭምጭሚታቸውን የደም ግፊት ለካች። የእግሩ ከክንዱ በግማሽ ያንሳል።

«መሪጌታ፣ ስኳሩ የደም ሥርዎን አጥብቦታል። ደም እግርዎ ጋ በቅጡ አይደርስም።»

«ደብተሬን እዪው እንጂ፣ ልጄ!»

«አየሁት። መድኃኒቱን ያልጨመርንልዎት እሱን እያየን ነው።»

ጠጄ ሁሉንም ተናገሩ፤ ሱባኤውንም፣ የመስኮቱን ኪኒንም። ሲጨርሱ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለንስሐ አባትዎም ጽድቅዎን ብቻ ነው የሚነግሩት?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «ማኅሌት ቆሜ እመራለሁ?» አሉ።

«ለጣቱ ተስፋ አልሰጥዎትም» አለች ፀደንያ። «እግሩን ለማትረፍ ግን ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ይሂዱ።»

እዚያ የጠበበውን የደም ሥር ከፈቱላቸው፤ ሁለት ጣት ግን ተቆረጠ።

በሦስተኛው ወር፣ በሚካኤል ማግሥት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለቀጠሯቸው መጡ። ኪኒኑ አልተቋረጠም፤ በዓሉን ግን እንደ ሰው በልተው ጠጥተው ነበር። ፀደንያ የእጅ ጣታቸውን ወግታ ለካች። 214።

«ሱባኤው ቀረ?» አለቻቸው።

«ቀረ።» ደብተሩን ገልጠው ባዶውን መስመር በጣታቸው አሳዩዋት። «እንዳለ ጻፊው።»