ያልተብላላው ፍግ

የግብርናው መምህር፣ የገዛ ልጁ የተከለችው ጎመን ከክፍል ጓደኞቿ ጎመን አንሶ ሲያየው አንጀቱ አልቻለም። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ጭር ሲል ከዶሮ ቤቱ ትኩስ ኩስ በባልዲ ዝቆ መደቧ ላይ በተነው። የማይነጋ መስሎት።

ሰኞ ጎመኑ እሳት እንደለበለበው ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቹ መደቡን ከበው ቆሙ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ መምህሩ፤ ዝም ቢል ያስጠረጥረዋል።

«ያልተብላላ ፍግ ነዋ፣ ቲቸር» አለ አንዱ። «ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ መጀመሪያ ተከምሮ ይብላላ ብለውን የለ?»

«ይሄን እያወቀ የሚያደርግ ምን ዓይነት ደደብ ነው?» አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቁ። መምህሩም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ልጁ ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካካች። ቀና ስትል ዓይኗ የአባቷ ጫማ ላይ አረፈ። ጠርዙ ላይ ኩስ ደርቆበታል። መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጁ ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «ያን ቀን ትምህርቱን አልሰማሁም ነበር።»

መምህሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ሌላ ጊዜ በደንብ አዳምጪ» አላት።