የኦኔዲካ መድኃኒት አይፋቅም

እዚህ ኢኑጉ ከተማ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጥፍር ያስፈልገዋል። በወባ መድኃኒቱ ፓኬት ላይ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ቦታ አለ። ቁጥሩን በስልክ መልእክት ስትልኩት እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ ይነግራችኋል። እኔ ከየካርቶኑ አንድ ፓኬት ሳልፍቅ አልረከብም። አከፋፋዮቹ «ማዳም ጥፍር» ይሉኛል። ይበሉኝ!

አከፋፋዩ ኦኔዲካ የሚያመጣልኝን ግን ፍቄ አላውቅም። ሟቹ ባለቤቴ ከመንደር አምጥቶ ንግድ ያስተማረው፣ እንደ ወጋችንም ሱቅ በዕቃ ሞልቶ ራሱን ያስቻለው ልጅ ነው። በባለቤቴ ቀብር ላይ ከወንድሞቹ እኩል አፈር አልብሷል። እሱ ፊት መፋቅ «ሌባ ነህ» ማለት ነው።

ልጄን ቺዛራምን ወባ ሲይዛት እሱ ካመጣልኝ ካርቶን አውጥቼ ሰጠኋት። መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ትኩሳቱ ግን ጭራሽ ባሰባት። ትቃዥ ጀመር፤ እኔን እናቷን እንኳ መለየት አቃታት። ሆስፒታል ወስጄ ካስተኛኋት በኋላ ባዶውን ፓኬት ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ኮሪደር ላይ ፋቅኩት።

«ሐሰተኛ ነው፤ አይጠቀሙ» የሚል መልስ መጣ።

እህቴን አጠገቧ ትቼ ኦኔዲካ ሱቅ ገባሁና ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት።

«ማዳም፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ። ማልታ ላምጣልዎ?»

«ማልታህን ራስህ ጠጣው! ቺዛራም ሆስፒታል ናት። ሐሰተኛ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ለቺዛራም ይሰጧታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለማን ልሰጠው ኖሯል? ለጎረቤት ልጅ? ለሁሉም ሱቅ ነው ይሄን መርዝ የምታድለው?»

«ኧረ በፍጹም! ለሌላውማ ደህናውን ነው የምሰጠው።»

«ለእኔስ?»

«እነሱ ይፍቃሉ፣ ማዳም። እርስዎ የእኔን አይፍቁም።»

በከተማው ሙሉ እሱን ሳይፍቅ ያመነ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለዚህ ሥራ የመረጠውም እኔን ነው። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ እሱ ፊት ግን አላደርገውም። የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹ ጋ ደወልኩ።

«የእርስዎም ሱቅ እኮ ይታሸጋል!» አለኝ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ።

«ይታሸግ። ከዚያ ካርቶን የወሰዱት ልጆች ይቀድማሉ።»

የሁለታችንንም አድራሻ ሰጠሁ፤ መጀመሪያ የራሴን። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ሰውየው ምንዎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኦኔዲካ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ዕቃ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ነው» አልኳት።